ከልብ ማዳመጥና ደግ ቃል፦ በአዲስ አበባ መሀል እንዴት እንለማመደው

ሰው ሲቸገር አጠገቡ ሄዶ በመቀመጥ አንታማም። ለቅሶ እንደርሳለን፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ እንሆናለን። እኔን የሚያሳስበኝ ከተቀመጥን በኋላ የምናደርገው ነው። ሰውየው የጀመረውን ሳይጨርስ «አይዞህ፣ ያልፋል» እንላለን። «ተመስገን በል፣ ከዚህም የባሰ አለ» እንላለን። ወይም የራሳችንን ታሪክ እናስከትላለን። ክፋት ኖሮብን አይደለም፤ የሰው ሥቃይ መስማት ስለሚከብደን ቶሎ ልንዘጋው እንፈልጋለን። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ «አዎ፣ ተመስገን» ይልና የሆዱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል።

እዚህ የማቀርበው ከቡድሂዝም የማስተዋል ልምምድ የተገኘ አሠራር ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ ሰውን እስከ መጨረሻው በርኅራኄ መስማት፣ ከዚያም እውነቱን ሰው ሳይሰብሩ መናገር። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው። ማዳመጥ ያልጀመረ ሰው ደግ ቃል ልናገር ቢል የሚወጣው ለስላሳ ቃል ብቻ ነው፤ ወደ ትንፋሹ መመለስ ያልለመደ ሰው ደግሞ ብዙ ሊያዳምጥ አይችልም። ስለዚህ ከትንፋሽ እንጀምራለን።

ልምምዱ ከየት መጣ

ቡድሃ ከ2,400 ዓመታት በፊት ገደማ ሰሜን ሕንድ ውስጥ ሲያስተምር፣ ቀና ንግግርን ከሥቃይ ያወጣል ብሎ ካስተማረው መንገድ ስምንት ክፍሎች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ከአራት ነገሮች መታቀብን ይጠይቃል፦ ከውሸት፣ ሰውን ከሰው ከሚያጣላ ወሬ፣ ከሻካራ ቃል፣ ከከንቱ ልፍለፋ። በዘመናችን ይህን ትምህርት ከማዳመጥ ጋር አያይዞ ለዓለም ያዳረሰው ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ንያት ሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ተወለደ። አገሩ በጦርነት ስትታመስ በ1966 ሰላም ለመጠየቅ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሁለቱም የቬትናም መንግሥታት እንዳይመለስ ስለከለከሉት 39 ዓመት በስደት ኖረ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጭቶታል። በ1982 ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ፕለም ቪሌጅ የተባለውን የልምምድ ማዕከል መሠረተ። በጥር 2022 በ95 ዓመቱ ያረፈው በወጣትነቱ በመነኮሰበት ገዳም ነው።

ይህን የማነሳው ልምምዱ ለተመቸው ሰው የታሰበ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ያደገው በጦርነትና በስደት ውስጥ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፍልስጤማውያንና እስራኤላውያን ፕለም ቪሌጅ እየመጡ አብረው ተቀምጠዋል። እንደደረሱ ወዲያው «ተነጋገሩ» አልተባሉም፤ ለቀናት አብረው በዝግታ ተራመዱ፣ አብረው በጸጥታ በሉ፣ ተነፈሱ። መደማመጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሃይማኖት መለወጥ አያስፈልግም። ቲክ ንያት ሃን ራሱ ሰዎች የአባቶቻቸውን እምነት እንዳይተዉ፣ ይልቁንም ወደ ሥረ መሠረታቸው እንዲመለሱ ይመክር ነበር። የሚያስቀድስም፣ የሚሰግድም፣ የሚዘምርም ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል።

መጀመሪያ ትንፋሽ

ጀማሪ ሁሉ ይህን ክፍል መዝለል ይፈልጋል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ሰው ሲያማርረን ወይም ሲወቅሰን ቀድሞ የሚለወጠው ሰውነታችን ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትከሻ ይነሳል፣ መንጋጋ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ የሰውየው ቃል አይሰማንም፤ የሚሰማን በውስጣችን የምናዘጋጀው መልስ ነው።

ጠዋት ስልክ ሳትነኩ አልጋ ጫፍ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም እግሮች መሬት ይንኩ፤ ጀርባ ቀና ይበል፣ አይገተር። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። ትንፋሹን ላስረዝመው፣ ላስተካክለው አትበሉ፤ ሲገባ መግባቱን፣ ሲወጣ መውጣቱን ብቻ እወቁ። «ስስብ እየሳብኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ ሳወጣ እያወጣሁ መሆኔን አውቃለሁ» ብላችሁ በልባችሁ ማለት ይቻላል። ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፦ የቤት ኪራዩ፣ ያልተመለሰው ስልክ፣ ትናንት የተባላችሁት ነገር። ሲመጣ አትታገሉት፤ መምጣቱን አውቃችሁ ወደ ሆዳችሁ ተመለሱ። ለጀማሪ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ሳይቋረጥ በየቀኑ መደረጉ ነው።

ፕለም ቪሌጅ ውስጥ ደወል በተሰማ ቁጥር፣ የስልክና የግድግዳ ሰዓት ድምፅ ሳይቀር፣ ሰው ሁሉ ሥራውንና ወሬውን አቁሞ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። መሀል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ደወል ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። ፒያሳ ላላችሁ የአራዳ ጊዮርጊስ ደወል አለላችሁ፣ የበኒ መስጊድ አዛን አለላችሁ። ስታዲየም ወይም ለገሃር የምትሠሩ ባቡሩ ሲያልፍ ትሰማላችሁ። መኪና የምትነዱ ደግሞ ቀይ መብራት አያጣችሁም። ከነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡና ያ ምልክት በመጣ ቁጥር ሦስት ትንፋሽ ተንፍሱ።

የራሳችን የሆነም ነገር አለን። ሰው ሲያወራን «አዎ፣ ገባኝ» ለማለት ትንፋሻችንን በአጭሩ ወደ ውስጥ እንስባለን፤ ከውጭ የመጣ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስታደርጉት አስተውሉት፤ ያችን አጭር ትንፋሽ ተከትላችሁ ቀጣዩን በዝግታ አውጡት። ተናጋሪው ምንም አያይም፤ እናንተ ግን በንግግሩ መሀል ወደ ሰውነታችሁ ተመልሳችኋል። እኔ ይህን ከየትኛውም ደወል አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የሚመጣው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሰው እያዳመጥን ሳለ ነውና።

መቀመጥ የማይሆንላችሁ ተራመዱ። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ፒያሳ የሚያወጣው መንገድ የእግረኛ መሄጃው ከሰፋ ወዲህ ለዚህ ይመቻል። ሲስቡ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ፣ ሲያወጡ ሦስት ወይም አራት። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ጆሮ ባዶ።

ቦታና ሰዓት

ከባድ ነገር ታክሲ ሰልፍ ላይ አይነሳም። ኳስ የሚታይበት ካፌም አይሆንም፤ የምሳ ሰዓትም አይሆንም፣ አንዳችሁ ሰዓት እያያችሁ ነው የምትቀመጡት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወይም ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሻላል። ወዳጅነት ፓርክ መግቢያ ከፍሎ መቀመጥ ይቻላል፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ያለ መቀመጫም ደህና ነው። ቤት ከሆነ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ንግግሩን ያቀላል፤ በተለይ ከአባትና ከእናት ጋር። የራበው ሰው አያዳምጥም፤ በጾም ወቅት ከ9 ሰዓት በፊት ከባድ ነገር ባይነሳ ይመረጣል።

ከዚያ ፈቃድ ጠይቁ። «እማዬ፣ ዛሬ አልቸኩልም። የሆድሽን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። አልፈልግም ካለች ደግሞ ተዉት፤ ሌላ ቀን አለ።

ማዳመጡ ራሱ

ከመቀመጣችሁ በፊት ለራሳችሁ እንዲህ በሉ፦ «አሁን የምሰማው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸክሙ ትንሽ እንዲቀልለት። የተሳሳተ ነገር ቢናገርም፣ ቢወቅሰኝም፣ አላቋርጠውም።» ሙሉው ልምምድ በዚህ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ልንመክር፣ ልናስታርቅ፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ልናጣራ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል፤ እኛ ዛሬ ፈራጅ አይደለንም።

በቅርብ የማውቀውን ልንገራችሁ። የአንድ ወዳጄ እናት ዕድሜያቸውን የኖሩበት የካዛንቺስ ሠፈር ለልማት ሲነሳ ከተማው ዳር አዲስ ቤት ደረሳቸው። ቤቱ ውኃ አለው፣ የራሱ መጸዳጃ አለው። እሳቸው ግን ልጃቸውን ባገኙት ቁጥር «ከሰው መሀል አውጥተው ጣሉኝ፤ ብሞት የሚቀብረኝ የለም» እያሉ ያለቅሳሉ። እሱ ሁልጊዜ መልስ ነበረው፦ «እማዬ፣ የድሮው ቤት ጣራው ያፈስ አልነበር? ሽንት ቤቱስ የጋራ አልነበር?» ያለው ሁሉ እውነት ነው። እሳቸውም ዝም ይሉና በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያው ይጀምራሉ።

አንድ እሑድ ቅዱስ ዑራኤል አስቀድሰው ሲወጡ ግቢው ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጠ። መልስ ላለመስጠት ወስኖ ነው የመጣው። «ብሞት የሚቀብረኝ የለም» ሲሉ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተነፈሰና «እ» ብቻ አለ። እናቱ የለመዱትን መልስ ጠበቁ፤ አልመጣም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቀጠሉ። ቡና አፍልተው የሚጠሩት ሰው የለም። የዕድር ጡሩንባ ለማን እንደተነፋ አይሰሙም። ለዘመናት አብረዋቸው ቡና የጠጡት ጎረቤታቸው ሌላ አቅጣጫ ደርሷቸው ተለያይተዋል፤ ስልካቸውን እንኳ አልያዙም። ጣራው ከመጀመሪያውም ጉዳዩ አልነበረም። ልጁ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?» በዚያው ሳምንት የጎረቤቲቱን ልጅ ስልክ አፈላልጎ ሁለቱን አገናኛቸው። ዛሬም እናቱ ስለ አዲሱ ሠፈር ያማርራሉ፤ ግን ሌላ ሌላውንም ይነግሩታል።

ይህ ልጅ ያደረገውን አንድ በአንድ እንየው። እጁን ሆዱ ላይ ማድረጉ ትንፋሹን እንዳይስት ረድቶታል። «እ» ማለቱ መስማቱን አሳውቋል፣ ሐሳብ ግን አልጨመረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታውን አልሞላውም። ሰው ዝም ሲል ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ተናጋሪው ሲያቆም ሦስት ትንፋሽ ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ትንፋሽ በጣም ይረዝማል፤ ይለመዳል።

ከጠየቃችሁ የሚከፍት ጥያቄ ይሁን፦ «ከዚያስ?» «ያኔ ምን ተሰማህ?» «ለምን»ን ለጊዜው አቆዩት፤ የተከፋ ሰው ጆሮ ውስጥ «ለምን እንደዚያ አደረግህ» ምርመራ ይመስላል። «እኔ እኮ ነግሬህ ነበር»፣ «አንተም እኮ ጥፋት አለብህ»፣ «የእኔን ብትሰማ» የሚሉት ሦስቱ በዚህ ሰዓት ጨርሶ አይነሱ። «አታልቅሺ»ም እንዲሁ፤ ታልቅስ። «አይዞህ»ን ግን ጣሉት አልልም። ከሆድ የወጣ አይዞህ ትልቅ ቃል ነው። ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰውየው የያዘውን ሁሉ ካወጣ በኋላ።

ስትሰሙ በእናንተም ውስጥ ነገር ይነሳል። «ይሄማ ውሸት ነው» የሚል ቁጣ፣ «እኔን ነው የምትነካው» የሚል ኩርፊያ። አትግፉት፤ «ቁጣ መጣ» ብላችሁ በልባችሁ ስም ስጡትና ተንፍሱ። የሚናገረው አባት ወይም እናት ሲሆን የሚረዳ አንድ የቲክ ንያት ሃን ልምምድ አለ፦ አባታችሁን የአምስት ዓመት ልጅ አድርጋችሁ በዓይነ ሕሊናችሁ ማየት። ያ ልጅ በቀላሉ የሚሰበር ነበር፤ እሱንም የተቆጣው፣ የመታው፣ ያልሰማው ሰው ነበረ። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባለ ያደገ አባት ዛሬ ብስጭቱን በጩኸት ሲያወጣ ከጩኸቱ ሥር ያለውን ማየት የሚቻለው እንዲህ ነው።

ሲያቅታችሁ

ትንፋሻችሁ ከጠፋ፣ ደጋግማችሁም ልትመልሱት ካልቻላችሁ፣ አስመስላችሁ አትቀመጡ። «ይቅርታ፣ ዛሬ ከዚህ በላይ በደንብ ልሰማህ አልችልም። ነገ ማታ እንቀጥል?» በሉ። ቀጠሮውንም አክብሩ።

ማዳመጥ መደብደብን ወይም መዋረድን መታገሥ አይደለም። ሰውየው እጁን ካነሳ ወይም ከዛተ ተነስታችሁ ውጡ። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቤተሰብ ጥሩና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የተሳሳተ ነገር ሲነገር

ሰውየው ስለ እናንተ ወይም ስለ ሌላ ሰው የተሳሳተ ነገር ካመነ ዕርማቱ ይቆይ። እያዳመጣችሁ ካረማችሁት ማዳመጡ ወደ ክርክር ይለወጣል። ከቀናት በኋላ፣ ልቡ ሲረጋ፣ እውነቱን በጥቂት በጥቂቱ ንገሩት፤ ሁሉንም በአንድ ቁጭታ አታውርዱበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማረም ፈጽሞ የተከለከለ መስሎት የሚተወው አለ፤ መታገሥ አቅቶት በመሀል የሚያፈርጠውም አለ።

ደግ ቃል

ቡድሃ መልካም የተባለ ንግግር አምስት ነገር እንዳለው አስተምሯል፦ በጊዜው የተነገረ፣ እውነት የሆነ፣ በለስላሳ አንደበት የወጣ፣ የሚጠቅም፣ በመልካም ልብ የተነገረ። አምስቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሥራ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ። ልጁን ራሁላን ሲመክረው ደግሞ ከመናገርህ በፊት፣ እየተናገርህ ሳለ፣ ከተናገርህ በኋላም ቃልህ አንተን ወይም ሌላውን ይጎዳ እንደሆነ መርምር ብሎታል። እኛ ዘንድ «ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል፤ ራሁላ የተማረው ልምምድ ነገር ሲያመልጥ እንዲታወቅ የሚያደርግ ነው።

ከአራቱ ክልከላዎች መካከል ለኛ ከተማ ሰው ከባዱ ስድብ ነው ብዬ አላምንም። አሽሙር ነው። ቢሮ ውስጥ በሰው መሀል «አንዳንድ ሰውማ የሥራ መግቢያ ሰዓትም አያውቅ» ይባላል፤ ስም አልተጠራም፣ ሁሉም ግን ማን እንደተወጋ ያውቃል። አማርኛችን ለዚህ የተሳለ ነው፤ የተወጋው ሰው መልስ እንዳይሰጥ እንኳ «አንተን ማን አለህ?» የሚባል መከላከያ አለ። አምስቱን ብንጠይቅ አሽሙር እውነትነቱን ያልፍ ይሆናል፤ በቀሪዎቹ በአራቱ ይወድቃል። የምትሉት ካላችሁ ሰውየውን ለብቻው ጠርታችሁ «ወንድሜ፣ ሰሞኑን እያረፈድክ ስለሆነ ሥራው በኔ ላይ እየተጫነ ነው፤ ምን ገጥሞህ ነው?» በሉት። ስትጠይቁትም መልሱን ለመስማት ተዘጋጁ።

በሌላ በኩል ይሉኝታም ደግነት አይደለም። ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን መፈንዳት ወይም ጭራሽ መራቅ ዝም የተባለለትን ሰው አልጠቀመም። ደግ ቃል እውነትን ይናገራል። ለምሳሌ አለቃችሁ በስብሰባ መሀል አዋርዷችሁ ከሆነ፣ በማግስቱ ረጋ ባለ ሰዓት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይኖርዎታል? ሪፖርቱ ላይ ስህተት ነበረብኝ፣ አርሜ አቀርባለሁ። በሰው ፊት የተናገሩኝ ግን ከፍቶኛል። በሚቀጥለው ለብቻዬ ቢነግሩኝ ቶሎ እታረማለሁ።» ውስጡ ልመናም ዛቻም የለም። ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ሦስት ጊዜ ተንፍሱ፤ ድምፃችሁ የሚስተካከለው ያኔ ነው።

መለማመጃ ቦታ ከፈለጋችሁ ታክሲ ውስጥ አለላችሁ። «መልስ አምጣ እንጂ!» እና «ወንድሜ፣ መልስ አለኝ» አንድ ጉዳይ ናቸው። ሁለተኛውን ለአንድ ሳምንት ሞክሩና የረዳቱን ፊት ተመልከቱ።

ስትቆጡ

ፕለም ቪሌጅ ውስጥ ባልና ሚስት፣ ቤተሰብ፣ ጓደኛሞች የሚፈራረሙት የሰላም ውል አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ስትቆጡ ነገሩን የሚያባብስ ነገር አትናገሩ፣ አታድርጉም፤ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ፤ ከተቻለ በዚያው፣ ካልሆነም በ24 ሰዓት ውስጥ መከፋታችሁን በእርጋታ አሳውቁ፤ ለመነጋገር ደግሞ ቀጠሮ ያዙ፣ ለምሳሌ ዓርብ ማታ። እስከዚያ ሁለቱም ወገን «በዚህ ነገር የኔ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ ያስባል።

የሚባለው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። «ከፍቶኛል፣ ተናድጃለሁ፤ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።» «የምችለውን እያደረግሁ ነው።» «እባክሽ፣ እርጂኝ።» ሦስተኛው ይተናነቃል። ስንከፋ «ምን አገባት፣ ትተወኝ» ማለት ይቀናናል፤ ያኮረፈ ሰው ገበታ ላይ ሲጠራ «ጠግቤያለሁ» እንደሚለው። አፋችሁ እንቢ ካለ ጽፋችሁ ስጡ። በቴሌግራም ከሆነ ግን ሦስቱን ብቻ ላኩ፣ ማብራሪያ አታስከትሉ፤ ሌሊት የተጻፈ ረጅም መልእክት ጠዋት ሲነበብ ሌላ ነው።

ቡናው ላይ

ፕለም ቪሌጅ «አዲስ ጅማሬ» የሚባል ሥርዓትም አለው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ መሀል ላይ አበባ ይቀመጣል፤ መናገር የፈለገ አበባውን ወስዶ ፊቱ ያኖራል፣ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። አራት ደረጃ አለው፦ የሌላውን መልካም ነገር መመስከር፣ እሱንም አበባ ማጠጣት ይሉታል፤ ስለራስ ጥፋት መጸጸትን መግለጽ፤ የተከፉበትን መናገር፤ እርዳታ መጠየቅ።

እኛ ቤት ክቡ አለ፣ ሥርዓቱ አለ፤ ቡናው ራሱ ሦስት ዙር ጊዜ ይሰጣል። እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አቦል ላይ አበባ ማጠጣቱን ጀምሩ። ዝርዝር ይሁን፤ «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አይበቃም። «ሐሙስ ዕለት ደክሞሽ እንኳ ለአያትሽ መድኃኒት ልትገዢ መውጣትሽን አይቻለሁ» ሲባል ልጅቷ መታየቷን ታውቃለች። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ላይ አቁሙ። መመስገን ያልለመደ ቤት ውስጥ ይህ ብቻውን ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ሰዉ ይሳሳቃል፣ ርዕስ ይለውጣል፣ ታገሡ። ከዚያ ቶና ላይ የራስን ጥፋት ጨምሩ፤ ከትልቁ ሰው ቢጀመር ሌላው ይከተላል። የተከፉበት ነገር ግን ቡና ላይ ባይነሳ እመክራለሁ። ልጅ በጎረቤት ፊት የሚወቀስበት፣ ቤተሰቡ ግምገማ የተቀመጠ የሚመስልበት ቡና ማንንም አይረዳም። እሱን ለሁለት ሰው ብቻ አቆዩት፤ ነገሩ ከከበደ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጥላቸው።

ከጓደኞች ጋር

ብቻ መለማመድ ይከብዳል። ከአራት እስከ ስምንት ሰው ከሆናችሁ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ በአንዳችሁ ቤት፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ ይቻላል። አሥር ደቂቃ በጸጥታ ተንፍሱ። ከዚያ መናገር የፈለገ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ወይም ጎንበስ ብሎ ያሳውቅ፤ ሲጨርስም እንዲሁ። ሌላው በመሀል አይገባም። ስለራስ ሕይወት ይነገር እንጂ ስለ ፖለቲካም ሆነ ስለሌለ ሰው አይነገር። በአንዱና በሌላው መካከል ሦስት ትንፋሽ ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ጊዜውን እንዳይወስድ ሰዓት የሚይዝ ምረጡ፤ መናገር ያልፈለገም አይገደድ።

እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል። አንድ ሌላ ደንብም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ፦ ከስብሰባው በኋላ ታክሲ እየጠበቃችሁ ሳለ የተናገረውን ሰው ይዛችሁ ምክር አትጀምሩ። «ያነሳኸውን ነገር ሳስብበት ነበር፤ እንድናወራበት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይ፣ ይቆይ» ካለ «እሺ» በሉና ስለ ሌላ ነገር አውሩ።